ቪሽኑን ከእግሩ ጀምሮ ማንበብ

የሂንዱ ቤተ መቅደስ የገባ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ ፊት ላይ ነው የሚያርፈው። የአንበሳ ፊት፣ የከርከሮ አፍንጫ፣ አራት እጅ። ፎቶ ያነሳና ወደሚቀጥለው ያልፋል። እኔ ለትምህርት ደቡብ ህንድ፣ ካርናታካ ውስጥ ስኖር እረፍት ባገኘሁ ቁጥር እነዚህን ቦታዎች ስዞር ቆይቻለሁ። ከእግር መጀመር ይሻላል ባይ ነኝ።

ነገሩ ባጭሩ እንዲህ ነው። ዓለም ሚዛኗን ስትስት ከሂንዱ ዋና አማልክት አንዱ የሆነው ቪሽኑ አካል ለብሶ ይወርዳል፤ አንዴ በእንስሳ፣ አንዴ በሰው፣ አንዴ ደግሞ በሁለቱ ቅልቅል። ይህ መገለጥ አቫታር ይባላል፤ የታወቁት 10 ናቸው። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ላደገ ሰው ዘዴው ብዙም አይከብድም። ነጭ ፈረስና ዘንዶ ካየን ጊዮርጊስ ነው፤ አንበሳና ነብር ከከበቡት ጻድቁ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ናቸው፤ ስም ማንበብ አያስፈልገንም። ቪሽኑም የሚታወቀው በእጁ በያዘው ነው፦ የሚነፋ የባሕር ዛጎል፣ ጠርዙ የተሳለ ክብ መሣሪያ፣ ዱላ፣ የሎተስ አበባ። ችግሩ ግን ድንጋይ ሲሰበር መጀመሪያ የሚሄደው እጅ ነው። እግር ይተርፋል። ከእግር በታች ያሉት ትንንሽ ሰዎችም ብዙ ጊዜ ይተርፋሉ፤ ታሪኩ ያለውም እነሱ ጋ ነው።

እዚያው ካርናታካ ውስጥ ያለው ባዳሚ ጥሩ መጀመሪያ ነው። የቻሉክያ ነገሥታት በ6ኛው ክፍለ ዘመን ከቀይ ገደል የፈለፈሏቸው አራት ዋሻዎች አሉ፤ ሦስተኛው ላይ እ.ኤ.አ. 578 የሚል ዘመን የያዘ ጽሑፍ ተቀርጿል። ሁለተኛው ዋሻ ውስጥ አንድ እግሩን ወደ ላይ የሰቀለ ግዙፍ ቪሽኑ አለ። ታሪኩን ካላወቃችሁ የሚጨፍር ሊመስላችሁ ይችላል። ባሊ የሚባል ንጉሥ ሦስቱን ዓለማት ጠቅልሎ ይዞ ነበር። ቪሽኑ ድንክ ተማሪ መስሎ መጣና በሦስት እርምጃ የሚለካ መሬት ብቻ ስጠኝ አለው። ይህቺ ምን አላት ብሎ ንጉሡ እሺ አለ። ድንኩ ወዲያው አደገ፣ በአንድ እርምጃ ምድርን፣ በሁለተኛው ሰማይን ጨረሰ፤ ለሦስተኛው ባሊ የገዛ ራሱን አቀረበ። አሁን ከተሰቀለው እግር በታች ተመልከቱ። ድንኩ እዚያው አለ። ትንሹና ግዙፉ አንድ ሰው ናቸው፣ አንድ ድንጋይ ላይ፣ ጎን ለጎን። ቀራጩ «በፊት» እና «በኋላ» እያለ ለሁለት አልከፈለውም፤ የመጠኑ ልዩነት ራሱ ንግግር ነው።

ከርከሮው ቫራሃም በዚሁ መንገድ ይነበባል። በውኃ የሰጠመችውን ምድር ሊያወጣ የወረደ ነው። ወደ ሰሜን፣ ማድያ ፕራዴሽ በሚባለው ግዛት ኡደያጊሪ ውስጥ ያለው፣ በጥንቶቹ የጉፕታ ነገሥታት ዘመን የተቀረጸው ቫራሃ ከሁሉም ይበልጥብኛል። የሰው አካል፣ የከርከሮ ራስ፣ ሁለት እጅ ብቻ፣ መሣሪያ የለም። አንድ እግሩ የእባቡን ንጉሥ ጥምጥም ረግጧል፣ ምድር ደግሞ ሴት ሆና ክራንቻው ላይ ተንጠልጥላለች። ከኋላው ጠቢባኑ በረድፍ ተደርድረዋል፤ ድንጋዩ ላይ የተጫሩት ሞገዳማ መስመሮች ባሕሩ ናቸው። ብዙ ምሁራን እዚህ ላይ ምድርን የሚያድን አምላክ ብቻ ሳይሆን አገር የሚጠቀልል ንጉሥም ያያሉ። እኔም አይደለም ለማለት ይከብደኛል፤ ያ ደረት የቤተ መንግሥት ደረት ነው።

ሰው-አንበሳው ናራሲምሃ ጋ ስትደርሱ ግን ታሪኩን ቀድማችሁ ካልሰማችሁ ምንም አይገባችሁም። ሂራኒያካሺፑ የሚባል ጨካኝ ንጉሥ ሰውም እንስሳም እንዳይገድለው፣ ቀንም ሌሊትም፣ ቤት ውስጥም ውጭም፣ ምድር ላይም ሰማይ ላይም፣ በመሣሪያም እንዳይሞት ከአምላክ ቃል ተቀብሏል። እንደ ጥሩ ጠበቃ ያላሰበው ቀዳዳ የለም። ቪሽኑም ሰውም እንስሳም ሳይሆን ከምሰሶ ወጣ፤ ሲመሽ፣ ደጃፍ ላይ፣ ጭኑ ላይ አስተኝቶ በጥፍሩ ቀደደው። ስለዚህ ጭኑ፣ ጥፍሩ፣ ምሰሶው ጌጥ አይደሉም፤ እያንዳንዳቸው ለአንድ የውል አንቀጽ የተሰጡ መልሶች ናቸው። የሆይሳላ ነገሥታት እ.ኤ.አ. 1117 ባሠሩት፣ ካርናታካ ውስጥ ባለው የቤሉር ቤተ መቅደስ ይህ ትዕይንት ከበር በላይ ተቀርጿል። ደጃፍ ላይ የሞተ ሰው ታሪክ ደጃፍ ላይ! ቤሉር ዛሬም ይመለክበታል፤ ጫማ አውልቁ፣ የሚጸልይ ሰው ፊት አትቁሙ። ለጥልቅ ቅርጽ ደግሞ የጠዋት ወይም የአመሻሽ ጎን ብርሃን ይሻላል፤ የቀትር ፀሐይ ሁሉንም ጠፍጣፋ ያደርገዋል።

እዚያው ካርናታካ፣ ሃምፒ ያለው ናራሲምሃ ከአንድ ድንጋይ የተፈለፈለ፣ ቁመቱ 6.7 ሜትር የሆነ፣ በንጉሥ ክሪሽናዴቫራያ ዘመን እ.ኤ.አ. 1528 የተሠራ ነው። ዓይኑ የፈጠጠ፣ አፉ የተከፈተ፤ ሰዉ «ቁጡው ናራሲምሃ» ይለዋል። ፊቱን ብቻ ካያችሁ ትስማማላችሁ። ግን ዙሩና ጀርባውን ፈልጉ። የሴት እጅ አለ፤ አቅፋዋለች። ሚስቱ ላክሽሚ ጭኑ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ሐውልቱ ሲሰባበር እሷ ሄዳ እጇ ቀረ። ጉልበቶቹን ያሰረው መቀነትም የተመስጦ አቀማመጥ ምልክት ነው። ሲሠራ ሊገድል የተነሣ ሳይሆን ከሚስቱ ጋር የተቀመጠ አምላክ ነበር። የሰዉ ስያሜ የተሰበረውን ተከትሎ ነው።

10ሩ በአንድ ረድፍ ሲደረደሩ ደግሞ ከመጨረሻው ጀምሩ። ፈረስ ካያችሁ ገና ሊመጣ የሚጠበቀው ካልኪ ነው። ከዚያ ወደ ኋላ ቁጠሩ፦ ቀስት የያዘው ራማ፣ መጥረቢያ የያዘው ፓራሹራማ፣ እስከ መጀመሪያው፣ እስከ ዓሣው ድረስ። በካልኪና በራማ መካከል ያለው ቦታ ግን ከአገር አገር ይለያያል። አንዱ ጋ ቡድሃ ይገባል፣ ሌላው ጋ ማረሻ የተሸከመው ባላራማ። እዚያ ቦታ ማን እንደቆመ ማየት ቤተ መቅደሱን ያሠሩት ሰዎች የየትኛውን ወገን ዝርዝር እንደተከተሉ ይጠቁማችኋል።