ድምፁ የተዘጋ ቴሌቪዥን

በእርግዝና ክትትል ክፍሉ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ቴሌቪዥን ድምፁ ተዘግቶ ነበር። ዕለቱ ረቡዕ፣ እ.ኤ.አ. ማርች 13 ቀን 2024 ነው። ለንደን የኖረ ሰው እንደሚያውቀው ረቡዕ እኩለ ቀን ላይ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ፓርላማ ቀርበው ጥያቄ ይመልሳሉ። በአረንጓዴዎቹ አግዳሚ ወንበሮች መካከል አንዲት የሰባ ዓመት ጥቁር ሴት ይነሣሉ፣ ይቀመጣሉ፣ ደግሞ ይነሣሉ። በዚያ ምክር ቤት መናገር የፈለገ ሰው የአፈ ጉባኤውን ዓይን ለመሳብ ከመቀመጫው ብድግ ይላል። አፈ ጉባኤው ሳይጠሯቸው ሰዓቱ አለቀ። በኋላ የቆጠሩ ሰዎች 46 ጊዜ ተነሥተዋል አሉ።

ሴትዮዋ ዳያን አቦት ናቸው፤ በ1987 ለብሪታንያ ፓርላማ የተመረጡ የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት። ምክር ቤቱ በዚያ ዕለት የሚጨቃጨቀውም በእርሳቸው ጉዳይ ነበር። ከሁለት ቀን በፊት አንድ ጋዜጣ እንደዘገበው፣ ለገዥው ወግ አጥባቂ ፓርቲ በአንድ ዓመት ውስጥ 10 ሚሊዮን ፓውንድ የለገሱት ባለሀብት ፍራንክ ሄስተር በ2019 በኩባንያቸው ስብሰባ ላይ፣ አቦትን ያየ ሰው ጥቁር ሴቶችን ሁሉ መጥላት እንደሚያምረው፣ ሴትዮዋም በጥይት መመታት እንዳለባቸው ተናግረው ነበር። እንግዲህ በዚያ ቀን ሁሉም ስለ አቦት ሲናገር አቦት ብቻ ተራ አላገኙም።

እኔ በዚያ ሰዓት እዚያ ክፍል ውስጥ መገኘት አልነበረብኝም። ሥራዬ ማስተርጎም ነው። የጠዋት ቀጠሮዬ ከአንድ አዛውንት ጋር የዓይን ክፍል ነበር፤ ቶሎ አለቀ። ወደ መውጫው ስሄድ አንገቷ ላይ ማተብ ያሰረች፣ ሆዷ የገፋ ወጣት ሴት አየሁ። አጠገቧ የትምህርት ቤት የደንብ ልብስ የለበሰች የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ተቀምጣለች። ነርስ ባለፈ ቁጥር ነፍሰ ጡሯ ብድግ ትላለች፤ ነርሷ ስታልፋት ትቀመጣለች። ሰላም ብያት አለፍኩ። ከዚያ ተመለስኩ።

«ከማን ጋር ነው የመጣሽው?» አልኳት።

«ከአጎቴ ልጅ ጋር ነው፣ እትዬ። ዛሬ ትምህርት ቤት አልሄደችም፤ እንድታስተረጉምልኝ ብዬ ነው። ባለፈው አስተርጓሚ ይመጣል ብለውኝ አልመጣም።»

የእንግዳ መቀበያዋ ሠራተኛ ኮምፒውተሩን ተመልክታ፣ ታካሚዋ እንግሊዝኛ እንደምትችል መዝገቡ ላይ ተጽፏል አለችኝ። ነገሩ ወዲያው ገባኝ። በመጀመሪያው ቀጠሮ «እንግሊዝኛ ትችያለሽ?» ተብላ ስትጠየቅ፣ በጨዋ ልጅ ደንብ ራሷን ነቅንቃ «አዎ» ብላለች። እኛ አገር ለትልቅ ሰው ጥያቄ «አይ» ብሎ መመለስ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ማን ለዚያ ኮምፒውተር ይንገረው? አንዲት «አዎ» ሰባት ወር ሙሉ ተከትላታለች።

በደንቡ መሠረት ያልተመደብኩበትን ቀጠሮ ማስተርጎም አልችልም። ደንቡ ያለ ምክንያት አልወጣም፤ ከመንገድ የገባ ሰው ሁሉ ያስተርጉም ቢባል የሚመጣውን ጣጣ አውቃለሁ። አዋላጇ ግን ፊቴን አይታ «እንደ ዘመድ ግቢ» አለችኝ። ጥግ ይዤ ቆምኩ፣ አፌን ልዘጋ ለራሴ ቃል ገብቼ።

«እንዴት ነሽ?» አለች አዋላጇ። ነፍሰ ጡሯ ለልጅቷ በአማርኛ መለሰች፤ «ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ራሴን ይፈልጠኛል። ዓይኔ ላይም ብልጭ ብልጭ ይልብኛል።» ልጅቷ ትንሽ አሰበችና በእንግሊዝኛ «በጣም ደክሟታል» አለች። ቀጥሎ አዋላጇ ስለ እንግዴ ልጅ አንድ ነገር ጠየቀች። ልጅቷ ቃሉን በአማርኛ አታውቀውም፤ «ልጁ ምግብ የሚበላበት ነገር» ብላ ዘመዷን ጠየቀቻት። ነፍሰ ጡሯ ደግሞ ስለ ራሷ አመጋገብ የተጠየቀች መስሏት፣ ጾም ላይ እንደሆነች ነገረቻት።

አላስቻለኝም። የራስ ምታቱንና የዓይን ብልጭታውን ለአዋላጇ ነገርኳት።

አዋላጇ የደም ግፊት መለኪያውን ክንዷ ላይ አሰረች። ለካች። ጠብቃ ደግማ ለካች። ሽንቷ ሲመረመር ፕሮቲን ተገኘበት። ሐኪሞች ፕሪኤክላምፕሲያ ይሉታል፤ ከእርግዝና ጋር የሚመጣ የደም ግፊት ሲሆን፣ ሳይታወቅ ከቆየ እናትንም ልጅንም ሊያሳጣ የሚችል ነው። ራስን መፍለጥና ዓይን ላይ ብልጭ ማለት ከታወቁት ምልክቶቹ መካከል ናቸው። በዚያው አስተኟት።

ማታ ቤቴ ገብቼ ስልኬን ስከፍት ዓለም በቁጣ ተንጧል። የጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት መጀመሪያ «ተቀባይነት የለውም» ብሎ ካድበሰበሰ በኋላ ማክሰኞ ማታ ንግግሩ ዘረኝነት መሆኑን አምኖ ነበር፤ ገንዘቡን ግን አልመልስም አለ። ባለሀብቱም ይቅርታ ጠይቀዋል፤ ንግግራቸው ብልግና እንጂ ከቆዳ ቀለም ጋር የተያያዘ አልነበረም ባይ ናቸው። የተቃዋሚው ሌበር ፓርቲ ሰዎች ከሁሉ በላይ ጮኹ። አቦት ግን ዘረኝነትን በተመለከተ ለጋዜጣ በጻፉት ደብዳቤ ሰበብ ከኤፕሪል 2023 ጀምሮ ከዚያው ከሌበር የፓርላማ ቡድን ታግደው ነበር። ከስብሰባው በኋላ የፓርቲው መሪ ኪር ስታርመር ሊያጽናኗቸው ሲጠጉ፣ አቦት የፈለጉት እገዳው እንዲነሣላቸው እንደሆነ ነገሯቸው። እገዳው የተነሣው ከሁለት ወር በላይ ቆይቶ፣ ምርጫ ከተጠራ በኋላ ነው።

እኔም የድርሻዬን ተቆጣሁ። አቦት ሲነሡና ሲቀመጡ የሚያሳየውን ቪዲዮ ሁለት መስመር ጽፌበት አጋራሁት። በሕይወቴ የዚያን ያህል ሰው ወድዶልኝ አያውቅም። ስለ ነፍሰ ጡሯ ግን አንድ ቃል አልጻፍኩም። ምን ብዬ ልጽፍ? የሰደባት የለም። የእንግዳ መቀበያዋ ሠራተኛ ውሃ አምጥታላታለች፣ አዋላጇም እጇን ይዛታለች። በዚያ ሕንፃ ውስጥ በጣቴ ጠቁሜ «ይኸውልህ ዘረኛው!» የምለው ሰው አልነበረም። የነበረው በአንድ ሳጥን ውስጥ የተደረገ የተሳሳተ ምልክት ብቻ ነው፤ እሱን ደግሞ ቪዲዮ አይቀርጸውም።

እንግሊዝ አገር ጥቁር ሴቶች በእርግዝናና በወሊድ ምክንያት የመሞት ዕድላቸው ከነጮቹ ጋር ሲነጻጸር በአንድ ወቅት እስከ 5 እጥፍ ደርሶ ነበር፤ ከዚያ በኋላ በወጡ ሪፖርቶችም ለጥቂት ዓመታት ወደ 4 እጥፍ ተጠግቶ ቆየ። (እኛ ሐበሾች ቅጽ ስንሞላ «ጥቁር አፍሪካዊ» የሚለው ሳጥን ጋ ስንደርስ እስክሪብቶ እናዘገያለን፤ ጉዳዩ የሌሎች ይመስለናል። የደም ግፊት መለኪያው ግን እንዲህ ያለ ማመንታት አያውቅም።) በ2021 ሕዝብ ፊርማ አሰባስቦ ጉዳዩ ፓርላማ ውስጥ ውይይት ተደረገበት። በ2023 የፓርላማው የሴቶችና የእኩልነት ኮሚቴ ልዩነቱን ለማጥበብ ግብ ይቀመጥ አለ። በዚያ ረቡዕ ሲጮኹ ያየኋቸው አፎች ስለዚህ ሪፖርት በዚያ ድምፅ ሲጮኹ አላየሁም።

ቁጣ ከንቱ ነው ልል አይደለም። በኤፕሪል 1993 ስቲቨን ሎረንስ የሚባል የ18 ዓመት ወጣት አውቶቡስ ሲጠብቅ ዘረኞች ወግተው ገደሉት። እናትና አባቱ አለቀሱ፤ አልቅሰው ግን አልተቀመጡም። ፖሊስ ግድያውን እንዴት እንደመረመረ አጣርቶ በ1999 የወጣው የማክፈርሰን ሪፖርት የለንደን ፖሊስ ተቋማዊ ዘረኝነት እንዳለበት በስሙ ጠርቶ 70 ምክረ ሐሳቦች አቀረበ። በ2000 ሕጉ ተሻሽሎ የመንግሥት ተቋማት እኩልነትን የማራመድ ግዴታ ተጣለባቸው። በአንድ ወንጀል ሁለት ጊዜ መክሰስን የሚከለክለው ጥንታዊ ሕግም ለከባድ ወንጀሎች ላልቶ፣ በ2012 ከገዳዮቹ ሁለቱ ተፈረደባቸው። እናትየው ዶሪን ሎረንስ ያን ሁሉ ዓመት በየችሎቱ ተመላልሰዋል። ካሜራው ሲመጣም ሲሄድም እዚያው ነበሩ።

የዊንድረሽ ትውልድ የሚባሉትን የካሪቢያን ሽማግሌዎች ጉዳይ ደግሞ አስቡት። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከኖሩበት አገር «ሕገ ወጥ ናችሁ» ሲባሉ በ2018 አገሩ በቁጣ ነደደ፤ ጠቅላይ ሚኒስትሯ ይቅርታ ጠየቁ። በ2020 የወጣውን የግምገማ ሪፖርት 30 ምክረ ሐሳቦች መንግሥት ሁሉንም ተቀብያለሁ አለ። በጃንዋሪ 2023፣ ቁጣው በርዶ ሁሉም ወደ ሌላ ወሬ ከዞረ በኋላ፣ ሦስቱን ተወኳቸው አለ። ካሳቸውን ሳያገኙ የሞቱ ሽማግሌዎችም አሉ።

ወደ እኛ ሠፈር ስመጣ፣ ምርጫ በቀረበ ቁጥር አንድ ሁለት ፖለቲከኛ በበዓሎቻችን ላይ ብቅ ይላሉ። ነጠላ ይለብሳሉ (ጥለቱን ወደ ውስጥ አድርገው)፣ እንጀራ በሁለት እጅ ይቆርሳሉ፣ ስለ ዘረኝነት አስከፊነት ይናገራሉ፣ እኛም እናጨበጭባለን። በዚያ ዓመት ግን አንዱን በቡናው ሰዓት ያዝኩትና የእርግዝና ክትትል አስተርጓሚ ነገር ምን ሊያደርግ እንዳሰበ ጠየቅኩት። በጣም የሚያሳዝን ጉዳይ ነው አለኝ። ማዘኑን አልጠየቅኩትም።

ለውጥ የመጣው በሌላ በኩል ነው። ነፍሰ ጡሯ ፈቅዳልኝ ለሆስፒታሉ የቅሬታ ክፍል ደብዳቤ ጻፍኩላት። ሦስት ሳምንት ዝም አሉ። ሁለተኛ ጻፍኩ። አዋላጇም በበኩሏ ለአለቆቿ አመልክታ ነበር፤ ከእኔ ደብዳቤ ይልቅ የሷ ሳይሠራ አልቀረም። በመጨረሻ በመጀመሪያው ቀጠሮ የሚጠየቀው ጥያቄ ተቀየረ። «እንግሊዝኛ ትችያለሽ?» መባሉ ቀርቶ «ስለ ጤናሽ በየትኛው ቋንቋ ብናወራ ይሻልሻል?» ሆነ። በአንድ ሆስፒታል፣ በአንድ ክፍል ብቻ። ከዚያ ወዲህ ከዚያ ክፍል የሚመጡልኝ የአማርኛና የትግርኛ ቀጠሮዎች በዝተዋል።

ልጁ ጊዜው ሳይደርስ በቀዶ ጥገና ተወለደ፤ ትንሽ ነበር፣ ግን ደኅና ነው። የክርስትናው ዕለት ተጠርቼ ሄድኩ። ሰው ሲበላ ሲጠጣ ያቺ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ቀስ ብላ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች።

«ያን ቀን እኔ ተሳስቼ ነበር?» አለችኝ።

ስህተቱ የአንቺ አይደለም፣ አንቺን እዚያ ማስቀመጣቸው ነው ስህተቱ አልኳት። አልተዋጠላትም። ጥቂት ዝም ብላ ቆየችና ስልኳን አወጣች።

«ልጁ የሚበላበት ያ ነገር፣ በአማርኛ ምን ነበር የሚባለው?»

ነገርኳት። በግዕዝ ፊደል መጻፍ ገና እየተማረች ነው፤ «እንግዴ» ላይ ሁለት ጊዜ ተሳሳተች፣ አጥፍታ እንደገና ጻፈችው።