ካቻቢቴን የት ተማርን?

ባለፈው ሳምንት፣ ሜክሲኮ አካባቢ ባለው ቤታችን፣ የወጥ ቤቱ ቧንቧ መገጣጠሚያው ላይ ያንጠባጥብ ጀመር። ዘንድሮ 12ኛ ክፍልን የጨረሰችው ልጄ የፈሳሽን ግፊት በቀመር ታሰላለች፤ ውኃው ከየት እንደሚዘጋ ግን አታውቅም፤ እኔም ብሆን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። የመጣው ወጣት የቧንቧ ሠራተኛ የቧንቧውን ጥርስ በጨርቅ ጠርጎ፣ ቴፍሎኑን (የማሸጊያ ጥብጣቡን) መገጣጠሚያው ወደሚጠብቅበት አቅጣጫ ደጋግሞ ከጠመጠመ በኋላ «በተቃራኒው ካዞርሽው ስታጠብቂው ይፈታብሻል» አላት። ሥራው ሩብ ሰዓት አልፈጀም።

ከቤታችን ብዙም ሳይርቅ በ1934 ዓ.ም. የተመሠረተው የሙያ ትምህርት ቤት፣ ተግባረ እድ አለ። የእጅ ሙያን በትምህርት ቤት ማስተማር ለአዲስ አበባ እንግዳ ነገር አይደለም ማለት ነው። እንግዳ የሆነብን ማክበሩ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ባለ እጅ በሥራው እንዳይሰደብ በ1900 ዓ.ም. አዋጅ አስነግረው ነበር፤ ስድቡ ግን መልኩን ቀይሮ የዘለቀ ይመስለኛል። ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ በ10ኛ ክፍል ፈተና ወደ መሰናዶ የሚያስገባ ነጥብ ያልመጣለት ተማሪ ወደ ቴክኒክና ሙያ ይመደብ ስለነበር፣ ሙያ የወደቀ ሰው ማረፊያ ተደርጎ ተቆጠረ። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ መሆናቸው ሲነገር፣ እኔን ያሳሰበኝ የቀሩት ከ12 ዓመት ትምህርት በኋላ በእጃቸው የሚሠሩት ነገር አለመኖሩ ነበር።

(ካቻቢቴና ፒንሳን የመሳሰሉ ከጣሊያንኛ የመጡ ቃላትን ያወረሰን ጋራዥ እንጂ ትምህርት ቤት አይደለም። ዶሮን 12 ብልት አድርጎ ማውጣትን ደግሞ እናቶቻችን ለሴት ልጆቻቸው ብቻ አስተማሩ፤ እኔ ወንድ በመሆኔ ከዚያም ቀረሁ።)

አሁን ባለው ሥርዓተ ትምህርት የሙያና ቴክኒክ ትምህርት ለ7ኛና ለ8ኛ ክፍል መሰጠቱ ደስ ያሰኘኛል። ሆኖም የጎረቤታችን ልጅ ደብተሩን ሲያሳየኝ መጋዝ በእርሳስ ተስሎ፣ ክፍሎቹ በቀስት ተጠቁመው አየሁ። ሥዕሉ ከ10 ዘጠኝ አግኝቷል። መጋዝ ይዞ ያውቅ እንደሆነ ብጠይቀው «መምህራችን አንድ ቀን ያመጣል ተብሏል» አለኝ።