ሊድስ፣ የእህል ሰዎች ጣሪያ

ለንደን ላይ ቲኬት ስቆርጥ የተጠየቅሁት ገንዘብ የሰሜን እንግሊዟን ከተማ ሊድስን ገና ሳላያት አስቀየመኝ። ባቡሩ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ የእኔን ግማሽ እንኳ እንዳልከፈለች ስትነግረኝ ደግሞ ባሰብኝ። እዚያ አገር በአንድ ባቡር ለአንድ መንገድ ሁሉም እኩል አይከፍልም። መንገዱ ሜዳ ነው፣ ተኛሁ።

ማታ ግን አልተኛሁም። ክፍሌ ከመጠጥ ቤት በላይ ነበር፣ ዕለቱ ዓርብ። መስኮቱ ወደ ላይ የሚንሸራተት ባለ እንጨት፣ የቪክቶሪያ ዘመን ነው ያሉኝ ዓይነት፤ ሲያዩት ያምራል፣ ድምፅ ግን አያግድም። በእኛ አቆጣጠር እስከ ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት አንድ መንጋ ጎረምሳ አንዲቱን ዘፈን እየደጋገመ ከእኔ ጋር አደረ።

ጠዋት መጀመሪያ ያየሁት ማዘጋጃ ቤቱን ነው። ኩትበርት ብሮድሪክ የሚባል የሃል ከተማ ሰው ነድፎት፣ ንግሥት ቪክቶሪያ ራሳቸው በ1858 መጥተው መርቀውታል (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው)። እኔ ስደርስ ለጥገና ተዘግቶ ስለነበር ያየሁት ውጪውን ብቻ ነው። ረጃጅም ዓምዶች፣ በ1867 የተቀመጡ የድንጋይ አንበሶች፣ ከላይ 68 ሜትር የሚያህል የሰዓት ግንብ። ግንቡ መጀመሪያ ንድፉ ላይ አልነበረም፤ የከተማው ምክር ቤት በወጪው ሲጨቃጨቅ ከርሞ ነው ያስጨመረው። ሊድስ ጎረቤቷን ብራድፎርድን ለመብለጥ የነበራት ጉጉት እዚያ ግንብ ላይ ፊት ለፊት ይታያል። አልወደድኩትም ማለት አልችልም፤ ግን ደረቱን ነፍቶ ከሚያወራ ሰው ጋር እንደመቆም ነው።

የሄድኩለትን ያገኘሁት ቁልቁል ወርጄ ነው። የእህል ገበያው፣ እነሱ ኮርን ኤክስቼንጅ የሚሉት፣ የዚያው የብሮድሪክ ሥራ ነው፤ በ1863 ነው ያለቀው። ከውጭ ድንጋዩ በሙሉ እንደ አልማዝ ሾል ሾል ተደርጎ ተጠርቧል፣ ቅርፁ ሞላላ ነው። በሩ ላይ የቆመው አዛውንት ጥበቃ ስልኬን አውጥቼ ማንሳት ስጀምር መጣና "መጀመሪያ መሃል ቆመህ ቀና በል፣ ፎቶው ይደርሳል" አለኝ። ቀና አልኩ። ከብረትና ከእንጨት የተሠራ ግዙፍ ጉልላት፣ አንድ ጎኑ ሰፊ መስታወት። "ሰሜን ነው" አለኝ ጥበቃው በጣቱ እያሳየ። ነጋዴዎቹ የእህል ናሙና ይዘው የሚመጡት እዚህ ነበር፤ የሰሜን ብርሃን ቀኑን ሙሉ አይዋዥቅም፣ ፀሐይ ቀጥታ ገብታ የእህሉን መልክ አታሳስትም።

አባቴ ዕድሜውን እህል በረንዳ የፈጀ የጤፍ ነጋዴ ነው። መጋዘን ውስጥ ዋጋ ሲቆርጥ አይቼው አላውቅም። አንድ እፍኝ ይዞ ደጅ ይወጣል፤ ፀሐይ ላይም አይቆምም፣ ጥላው ጠርዝ ላይ ቆሞ መዳፉን ያገላብጣል። ፀሐይ ሰርገኛውን ማኛ ታስመስለዋለች ይላል። ሊድስ ላይ ሰዎች ለዚያች ጥላ ብለው ጉልላት ሠሩላት! ፎቶውን በቴሌግራም ከነማብራሪያው ላክሁለት። ብዙ ቆይቶ "እህሉስ የታለ?" ብሎ መለሰ።

እህሉ የለም። አሁን ዙሪያውን ያሉት ክፍሎች የሸክላ ሙዚቃ፣ ጌጣጌጥና ልብስ ይሸጥባቸዋል። ቡናው በወረቀት ኩባያ አራት ፓውንድ ገደማ ነው፤ ጉልላቱን በነፃ ስላየሁ ይቅር ብያለሁ።

ከዚያ ካውንቲ አርኬድ ገባሁ፣ ጣሪያው መስታወት የሆነ የገበያ መተላለፊያ ነው፤ 1898 ተጀምሮ ንግሥት ቪክቶሪያ ከሞቱ በኋላ ነው ያለቀው። የነደፈው ፍራንክ ማቻም ዝናው በቲያትር ቤቶች ነው፣ ያስታውቃልም። ግድግዳውን የሸፈነው የሚያብረቀርቅ ሸክላ እዚያው ሊድስ፣ ቡርማንቶፍትስ የሚባል ሰፈር የተቃጠለ ነው። የከሰል ጭስ በሚዘንብበት ከተማ እንዲህ ያለው ሸክላ ታጥቦ ይጸዳል፤ የማዘጋጃ ቤቱ ድንጋይ ግን ጠቁሮ ኖሮ እስከ 1970ዎቹ ጠብቋል። ብልህ ሥራ ነው፣ ለእኔ ግን ጣፋጭነቱ በዛብኝ፤ መስኮቶቹ ላይ ዋጋ ያልተጻፈባቸው ሰዓቶች ስላየሁም ቶሎ ወጣሁ።

ከሰዓት በኋላ ዝናብ እየመታኝ ከባቡር ጣቢያው በስተደቡብ ወዳለው ቴምፕል ወርክስ ተጓዝኩ። በ1840 የተከፈተ የተልባ እግር ክር ፋብሪካ ነው፤ ፊቱ ግን ቁርጥ የጥንት ግብፅ ቤተ መቅደስ! ዙሪያው ታጥሯል፤ በ2008 አንዱ ዓምድ ተንዶ ነበር። ውሻ ይዞ የሚያልፍ ሰውዬ አጥሩ ላይ ተንጠልጥዬ ሲያየኝ ቆመና የበጎቹን ታሪክ ጀመረልኝ። የተልባ እግር ክር አየሩ ከደረቀ ይበጠሳል፤ ስለዚህ ጣሪያው ላይ አፈር ደልድለው ሣር አበቀሉበት፣ ሣሩን የሚያጭዱት ደግሞ በጎች ነበሩ። ሊያሾፍብኝ መስሎኝ ነበር፤ በኋላ ሳነብ እውነት ሆኖ አገኘሁት። ለሠራተኞቹ ብርሃን የሚገባው በዚያው ጣሪያ ላይ በተተከሉ ሾጣጣ መስታወቶች ነበር። አንድ ጊዜ አንድ በግ መስታወቱን ሰብሮ ማሽኖቹ ላይ ወድቋል የሚል ወሬም አለ። ባለ ውሻው ሰውዬ ግን ሦስት ናቸው ብሎ ድርቅ አለ።