የሎውስቶን፦ ከፍል ውሃው ዳር

ከመኪና ስንወርድ ቀድሞ የተቀበለን የድኝ ሽታ ነው። ቀጥሎ እንፋሎቱ መጣና መነጽሬን ጉም አለበሰው።

እዚህ አሜሪካ፣ የሎውስቶን ብሔራዊ ፓርክ ድረስ ያመጣኝ የኮቪድ ምርመራ ነው። በዚያ ጊዜ አፍንጫዬ ውስጥ ስንቴ ጥጥ እንደገባ እንጃ። ፒሲአር የሚባለው ያ ምርመራ የሚሠራበት ቁልፍ ነገር የተገኘው ከዚህ ፓርክ ፍል ውሃ መሆኑን ካወቅኩ ወዲህ ቦታውን ሳላይ መቅረት አልፈለግኩም።

ግራንድ ፕሪዝማቲክ የሚባለው ምንጭ ከዳር እስከ ዳር 110 ሜትር ገደማ ይሆናል። መሀሉ ጥርት ያለ ሰማያዊ፣ ዳር ዳሩ ቢጫ፣ ከዚያ ብርቱካንማ፣ ከዚያ ቡናማ። ማዕድን መስሎኝ ነበር። ለካ ባክቴሪያ ነው! ውሃው እየበረደ በሄደ ቁጥር ሌላ ዓይነት ቦታውን ይይዛል። የእንጨት መተላለፊያው ላይ ተንበርክኬ ወደ ታች አየሁ። ስስ ውሃ በብርቱካንማ ምንጣፍ ላይ ይንሸራተታል። ምንጣፉ እንደ ወተት ስልባቦት ተሸብሽቧል። ራቅ ብሎ ነፋስ የነጠቀው ባርኔጣ ወድቋል። መርገጥ ክልክል ስለሆነ ባለቤቱ ገብቶ አያነሳውም።

የባክቴሪያ ተመራማሪው ቶማስ ብሮክ ከተማሪው ሃድሰን ፍሪዝ ጋር ቴርመስ አኳቲከስ የተባለውን ባክቴሪያ ያገኘው ከዚህ ብዙም በማይርቅ ምንጭ ነው። ግኝታቸውን ያሳተሙት እ.ኤ.አ. በ1969 ነው። ፒሲአር የዘር መረጃ የያዘውን ዲኤንኤን ለማባዛት በየዙሩ እስከ 95 ዲግሪ ገደማ ያሞቀዋል። መጀመሪያ ይሠራበት የነበረው ኢንዛይም፣ ማለትም ዲኤንኤውን የሚገለብጠው ፕሮቲን፣ በዚያ ሙቀት ስለሚበላሽ በየዙሩ አዲስ መጨመር ግድ ነበር። የዚህ ባክቴሪያ ኢንዛይም፣ ታቅ፣ ግን ፍንክች አይልም። ፒሲአርን የፈለሰፈው ካሪ ሙሊስ በዚህ ሥራው እ.ኤ.አ. በ1993 ኖቤል ተሸለመ። ፓርኩ ከታቅ ሽያጭ ሰባራ ሳንቲም አላገኘም። ይሄ ያንገበግበኛል።

«ይሄን ሁሉ እንፋሎት ለምን መብራት አያወጡበትም?» አለኝ ጓደኛዬ። ጥያቄው ልክ ነው። ጣሊያን ውስጥ ላርዴሬሎ ላይ እ.ኤ.አ. በ1904 በምድር እንፋሎት አምስት አምፖል በርቷል። አይስላንድ ውስጥ ከአሥር ቤት ዘጠኙ የሚሞቀው በከርሰ ምድር ሙቀት ነው። ኒውዚላንድ ግን ዋይራኬይ ላይ የኃይል ጣቢያ ከሠራች በኋላ በአቅራቢያው የነበሩት ፍል ውሃዎች ደረቁ። እዚህ ፓርክ ውስጥ ለኃይል መቆፈር ክልክል ነው፣ እኔም ደግ አደረጉ እላለሁ። ብሮክ የወሰደው ትንሽ ናሙና ነው፤ ምንጩ አልጎደለም።

ፍል ውሃው ውስጥ መግባትም አይቻልም። በፓርኩ ፍል ውሃዎች ከ20 በላይ ሰዎች ተቃጥለው ሞተዋል። ማታ ከፓርኩ ወጥተን ለመታጠቢያ የተሠራ የፍል ውሃ ገንዳ ገባን። ቀኑን ሙሉ ሲጠዘጥዘኝ የዋለው ጉልበቴ ቀስ እያለ ተፍታታ። ጭንቅላቴን ግን አላጠለቅኩም። ሞቅ ባለ የተፈጥሮ ውሃ ውስጥ በአፍንጫ ገብቶ አንጎል የሚያጠቃ አሜባ ሊኖር እንደሚችል ፓርኩ ያስጠነቅቃል። አንገቴን ቀና አድርጌ እንፋሎቱ ወደ ጨለማው ሲወጣ እያየሁ ቆየሁ።