ጠይሟን ልጅ «ቀይ» ያደረገብኝ ማተሚያ ቤት

የሆላንዳዊውን ሠዓሊ የቬርሜርን «ባለ ዕንቁ ጉትቻዋ ልጅ» በኛ ቤት ልጅ ልሠራት ያሰብኩት አወል እርዝቁ የተባለ አርቲስት ያነሳውን ፎቶ ካየሁ በኋላ ነው። ኢትዮጵያ ተወልዶ ኒውዮርክ ያደገው አወል፣ እ.ኤ.አ. በ2009 ዕንቁውን ትቶ ለአንዲት ጥቁር ወጣት ትልቅ የቀርከሃ ቅርጽ ያለው ጉትቻ አደረገላት። እንቅልፍ ነሳኝ።

የኔን ፎቶ ማንሳቱ ቀላል ነበር። የአክስቴን ልጅ ነጠላ አስጠምጥሜ፣ የብር ጉትቻ አድርጌላት፣ ከግራ በሚገባ የመስኮት ብርሃን ብቻ አነሳኋት። ከኋላዋ አረንጓዴ መጋረጃ ሰቀልኩ። «ሥዕሉ ላይ ከኋላዋ ያለው ጥቁር አይደል እንዴ?» ለምትሉኝ፣ ሥዕሉን የያዘው ዘ ሄግ ያለው ማውሪትስሃውስ ሙዚየም ሲያስመረምረው ከልጅቷ ጀርባ አረንጓዴ መጋረጃ እንደነበር ታውቋል። ዘመን ነው ያጠቆረው። የቅጂ መብትም አያሳስባችሁ፤ ሥዕሉ የ1665 ገደማ ነው።

መከራዬ የጀመረው ማተሚያ ቤት ነው። ጥቅሉን ስፈታ የማላውቃት ልጅ ወጣች። ጠይሟ የአክስቴ ልጅ ቀይ ሆናለች። የጉንጯ ጥላ የለም። መጋረጃው አመድ መስሏል። ከከንፈሯ በላይ ማርያም የሳመቻት ምልክት ሳይቀር ጠፍቷል!

«ፊቷን ትንሽ ጠራ አደረግኩልሽ እኮ» አለኝ የማተሚያ ቤቱ ልጅ፣ ምስጋና እየጠበቀ። ማን ጠየቀህ? ኃላፊውን አስጠራሁ። «እህቴ፣ ደንበኛ ሁሉ እንዲህ ነው የሚወደው» ብሎኝ እርፍ። የሰርግና የምርቃት ፎቶ ሲያነጡ ከርመው ለምደውታል። በድጋሚ ሲያትሙት ደግሞ ማንም እጁን ሳያስገባ ሶፍትዌሩ ራሱ አነጣት። አውቶማቲክ ማስተካከያው ጨለም ያለ ምስል ሲያይ ብርሃን ያነሰው ይመስለዋል፤ ወደ መካከለኛ ግራጫ ይጎትተዋል። ጠይም ፊት ጠቆር ካለ መጋረጃ ጋር ሲሆን አለቀለት። ይህን ሁሉ አድርገው «የወረቀት ጨምሪ» ማለታቸው እስከ ዛሬ ደሜን ያፈላዋል።

ስለዚህ ቀብድ እንጂ ሙሉ ሂሳብ አትክፈሉ። ትዕዛዙ ላይ «ቀለም አይነካ፣ አውቶማቲክ ማስተካከያ ይጥፋ» ብላችሁ ጻፉና አስፈርሙ። መጀመሪያ ጉንጯንና ጥላውን የያዘ ቁራጭ ብቻ አሳትማችሁ ደጅ ወጥታችሁ በቀን ብርሃን እዩት። ፋይሉን ወደ ሲኤምዋይኬ (በአራት የማተሚያ ቀለሞች የሚሠራ የቀለም ሥርዓት) ቀይሩ የሚሏችሁን አትስሙ፤ ማሽኑ ኢንክጄት (ፈሳሽ ቀለም እየረጨ የሚያትም) ከሆነ በአርጂቢ (የካሜራና የስክሪን የቀለም ሥርዓት) ስጡ፣ የወረቀቱን ፕሮፋይልም (ማሽኑ በዚያ ወረቀት ላይ ቀለሙን እንዴት እንደሚያወጣ የሚገልጽ ፋይል) ጠይቃችሁ ተቀበሉ። 300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች ውስጥ የሚገቡ ነጥቦች ብዛት) ካልሞላ አይሆንም የሚሉትም ማስፈራሪያ ነው። እኔ እንደ ዋናው ሥዕል 44.5 በ39 ሳንቲ ሜትር ያሳተምኩት በ260 ገደማ ነው፤ የነጠላው ጥለት ክር በክር ይታያል። ወረቀት ላይ ግን አትሰስቱ። ማት (የማያብለጨልጭ) ወረቀት ጥቁሩን ያደበዝዘዋል፤ ቢወደድም ባራይታ የሚባለው ወፈር ያለ የፎቶ ወረቀት ይሻላል።

በስተመጨረሻ ሌላ ቤት በትክክል ታተመልኝ። በእርሳስ ፈርሜ፣ የመጀመሪያውንም ለማነጻጸሪያ ይዤ አክስቴ ቤት ሄድኩ። ሳሎኗ ላይ የሰቀለችው ቀይዋን ነው።