ማራቶን ሮጬ ክብደት የጨመርኩበት ቀን

የመጀመሪያ ማራቶኔን የጨረስኩት በአራት ሰዓት ከሃምሳ ደቂቃ ነበር። ሰዓቱ የሚያስወራ አልነበረም፤ የሚያስወራው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። የመጨረሻውን መስመር አልፌ ጥቂት እንደተራመድኩ ራሴን ይፈልጠኝ፣ ያቅለሸልሸኝም ጀመር፤ ጣቶቼ ከማበጣቸው የተነሣ ቀለበቴ አልዞር አለ። አጠገቤ የነበረ አንድ በጎ ፈቃደኛ ፊቴን አይቶ «ውሃ አጥሮህ ነው፤ ጠጣ» ብሎ ግማሽ ሊትር የሚይዝ ጠርሙስ አስጨበጠኝ። እኔም እንደታዘዝኩት ጠጣሁና ወዲያው አስመለስኩት፤ ዛሬ ሳስበው ያ ማስመለስ ሳይጠቅመኝ አልቀረም። ማታ ሚዛን ላይ ስወጣ ጠዋት ከነበረኝ ክብደት 1.8 ኪሎ ጨምሬ ተገኘሁ። ሚዛኑ የተበላሸ መስሎኝ ሦስት ጊዜ ወርጄ ወጣሁ።

42 ኪሎ ሜትር ሮጦ ክብደት የጨመረ ሰው በላብና በሽንት ካስወጣው በላይ ጠጥቷል፤ ሌላ ማብራሪያ የለውም። እኔም ቢጠማኝም ባይጠማኝም በየውሃ ጣቢያው ሁለት ሁለት ኩባያ ጠጥቻለሁ፤ ምክንያቱም ለውድድሩ ስዘጋጅ ያነበብኩት ምክር ሁሉ «ጥማት ከተሰማህ ዘግይተሃል» የሚል ነበር። ይህ ምክር ከየት እንደመጣና ምን ያህል ማስረጃ እንደነበረው ለማወቅ ከዚያ ወዲህ ብዙ ጥናቶችን አንብቤያለሁ። ሐኪም አይደለሁም፤ የማነበውን በራሴ ሰውነት ላይ የምፈትን ተራ ሯጭ ነኝ።

በመጀመሪያ በሰውነቴ ውስጥ የሆነውን ልግለጽ። በጤናማ ሰው ደም ውስጥ ያለው ሶዲየም (የጨው ዋነኛ አካል የሆነው ንጥረ ነገር) በሊትር ከ135 እስከ 145 ሚሊሞል ባለው ጠባብ ክልል ውስጥ ይቆያል፤ ከ135 በታች ሲወርድ ሐኪሞች ሃይፖናትሪሚያ ይሉታል። ብዙ ሰው ይህ የሚከሰተው ጨው በላብ ተጠርጎ ስለሚወጣ ይመስለዋል። ይሁንና በላብ ውስጥ ያለው የሶዲየም ክምችት ከሰው ሰው በእጅጉ ቢለያይም ከደሙ ያነሰ ነው፤ ስለዚህ አንድ ሰው ላቡን እያፈሰሰ ምንም ባይጠጣ በደሙ ውስጥ ያለው የሶዲየም ክምችት ከፍ ይላል እንጂ ዝቅ አይልም። ዝቅ እንዲል ከላይ ውሃ መጨመር ያስፈልጋል። ደሙ ሲቀጥን ውሃው ወደ ሴሎች ይሰርጋል፤ ጣት ሲያብጥ ቀለበት ከማጥበቅ ያለፈ ጉዳት አያመጣም፣ አንጎል ግን በራስ ቅል የታጠረ በመሆኑ ለማበጥ ስፍራ የለውም። ራስ ምታት፣ ማስመለስ፣ ግራ መጋባት፣ ከባሰም መንፈራገጥና ሞት የሚመጡት ከዚህ ነው።

«ትርፉን ውሃ ኩላሊት ለምን አያስወጣውም?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ትክክለኛ ጥያቄ ጠይቋል። ጤናማ ኩላሊት በእረፍት ጊዜ በሰዓት ከአንድ ሊትር ብዙም የማያንስ ውሃ ማስወጣት ይችላል። ነገር ግን ረጅም ሩጫ፣ ሕመም፣ ሙቀትና ማቅለሽለሽ ቫሶፕሬሲን የተባለው ሆርሞን እንዲመነጭ ያደርጋሉ፤ ይህ ሆርሞን ደግሞ ኩላሊት ውሃን እንዲይዝ የሚያዝዝ ነው። በዚህ ላይ ስሌቱን እንይ፦ በዝግታ የሚሮጥ አነስተኛ ሰውነት ያለው ሰው በሰዓት ግማሽ ሊትር ቢያልበውና አንድ ሊትር ቢጠጣ፣ በአምስት ሰዓት ውስጥ ሁለት ሊትር ተኩል ትርፍ ውሃ ያጠራቅማል። በሁለት ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ለሚጨርስ ሯጭ ይህ አደጋ የለም ማለት ይቻላል፤ በዚያ ፍጥነት ይህን ያህል ለመጠጣት ጊዜውም ሆዱም አይፈቅድለትምና። ሃይፖናትሪሚያ በአብዛኛው ከኋላ የምንመጣው የዘገምተኞቹ ሕመም ነው።

ወደ ምክሩ ታሪክ ስንመለስ ነገሩ እንደ ፔንዱለም ከአንድ ጫፍ ወደ ሌላው የተወዛወዘ ነው። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1904 የሴንት ሉዊስ ኦሎምፒክ ማራቶን በሙቀትና በአቧራ ውስጥ ሲካሄድ፣ አዘጋጆቹ ሆን ብለው ውሃ በጣም ጥቂት በሆነ ስፍራ ብቻ እንዲገኝ አድርገው ነበር፤ ከ32 ተወዳዳሪዎች የጨረሱት 14 ብቻ ነበሩ። ሯጭ መጠጣት የለበትም የሚለው እምነት ከዚያ በኋላም ለረጅም ጊዜ ቆይቷል። በ1969 ዊንድሃምና ስትሪደም የተባሉ ሁለት የደቡብ አፍሪካ ተመራማሪዎች ከ32 ኪሎ ሜትር ውድድር በኋላ የሯጮችን ክብደትና የሰውነት ሙቀት ለክተው፣ ክብደታቸው ከ3 ከመቶ በላይ የቀነሰባቸው ሰዎች ሙቀታቸውም ከፍ ያለ መሆኑን አሳወቁ። ከዚህ በመነሣት ውሃ ማጣት ሙቀትን ያመጣል ተባለ። ነገር ግን በፍጥነት የሚሮጥ ሰው ብዙ ሙቀት ያመነጫል፤ ብዙም ያልበዋል። ሁለቱ ነገሮች አብረው መታየታቸው አንዱ የሌላው ምክንያት መሆኑን አያሳይም።

ቢሆንም ፔንዱለሙ ተንቀሳቀሰ። በ1996 የአሜሪካ የስፖርት ሕክምና ኮሌጅ የተባለው የባለሙያዎች ማኅበር ባወጣው መመሪያ ስፖርተኛው በላብ የሚወጣውን ሁሉ ለመተካት፣ ካልሆነም ሆዱ የሚችለውን ያህል እንዲጠጣ መከረ፤ የተጠቀሰው መጠን በሰዓት ከ600 እስከ 1,200 ሚሊሊትር ነበር። እኔን ያሳመመኝ ይህ ቁጥር ነው። የሚያስቆጨው ደግሞ ማስጠንቀቂያው አስቀድሞ መኖሩ ነው፤ ደቡብ አፍሪካዊው የስፖርት ሳይንስ ተመራማሪ ቲም ኖክስ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ በ1985 ባሳተመው ጽሑፍ ከሰባት ሰዓት በላይ በፈጁ ውድድሮች ውሃ ከመጠን በላይ በመጠጣት የታመሙ አራት ስፖርተኞችን ገልጾ ነበር። ጉዳዩን ሰፊው ዓለም ያወቀው ግን ከ2002ቱ የቦስተን ማራቶን በኋላ ነው። በዚያ ውድድር አንዲት ሯጭ በዚሁ ሕመም ሕይወቷ አለፈ። በዚያው ዕለት ደማቸውን ከሰጡት 488 ሯጮች መካከል 13 ከመቶው ሃይፖናትሪሚያ እንደነበረባቸው፣ ሦስቱ ደግሞ ሶዲየማቸው 120 እና ከዚያ በታች ወርዶ ለሕይወት በሚያሰጋ ደረጃ ላይ እንደነበሩ በ2005 ታተመ። ከሁሉም በላይ ከሕመሙ ጋር የተያያዘው ምልክት በውድድሩ ወቅት ክብደት መጨመር ነበር። ተራ ውሃ የጠጡትና የስፖርት መጠጥ የጠጡት ልዩነት አላሳዩም፤ ይህም የሚያስገርም አይደለም፣ የተለመዱት የስፖርት መጠጦች በሊትር የሚይዙት ሶዲየም 20 ሚሊሞል አካባቢ በመሆኑ ለደም ከውሃ ብዙ የማይሻሉ ናቸውና። በ2007 ያው ኮሌጅ መመሪያውን አሻሽሎ ክብደት በመጨመር የሚገለጽ ከልክ ያለፈ መጠጣትን አስጠነቀቀ፤ በ2015 በአሜሪካ ካርልስባድ ከተማ የተሰበሰቡ ባለሙያዎች ደግሞ በጥማት መጠን መጠጣትን መከሩ።

ታዲያ ጥማት ብቻውን ይበቃል? እዚህ ላይ ማስረጃው የተከፋፈለ ስለሆነ ረጋ ብሎ ማየት ይገባል። ለብዙ ዓመታት የተደገመው ቁጥር 2 ከመቶ ነው፤ ክብደትህ ከዚያ በላይ ከቀነሰ ብቃትህ ይወርዳል ይባላል። ይህ ቁጥር የተመሠረተባቸው ጥናቶች ችግር ተሳታፊው ውሃ እንደተከለከለ ማወቁ ነው፤ አፉ ደርቆ፣ ተናድዶ፣ ፈተናው ምን እንደሚያሳይ አስቀድሞ ገምቶ ብስክሌቱ ላይ የሚወጣ ሰው ቢደክም ምክንያቱ የውሃ መጉደል ይሁን ቅሬታ መለየት አይቻልም። በ2015 የታተመ አንድ ጥናት ይህን ለመሻገር አሥር ብስክሌት ጋላቢዎችን ካስላበ በኋላ ፈሳሹን በደም ሥር መለሰላቸው፤ ምን ያህል እንደተመለሰላቸው ግን አልነገራቸውም። በሙቀት ውስጥ 25 ኪሎ ሜትር ሲጋልቡ ፈሳሹ ሙሉ በሙሉ በተመለሰላቸው ጊዜና 2 ወይም 3 ከመቶ ጎድሎባቸው በቆዩበት ጊዜ መካከል ልዩነት አልታየም። የጥማት ደጋፊዎች በዚህ ተደሰቱ። በ2017 ግን ሌሎች ተመራማሪዎች ውሃውን ጨጓራ ድረስ በሚዘልቅ ቀጭን ቱቦ አድርገው፣ እንደዚሁ ለተሳታፊዎቹ ሳይነግሩ ሲሰጡ፣ ውሃ የጎደለባቸው ሰዎች ብቃታቸው ቀንሶ ተገኘ። ሁለቱም ጥናቶች ጥቂት ሰዎችን የያዙ ናቸው። የእኔ ፍርድ እንዲህ ነው፦ መጠነኛ የውሃ መጉደል በሙቀት ውስጥ ጥቂት ደቂቃ ሊያስከፍል ይችላል፤ ከመጠን በላይ መጠጣት ግን ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል፤ ስለዚህ መሳሳት ካለብኝ ወደ መጀመሪያው አቅጣጫ መሳሳትን እመርጣለሁ።

በዚህ ክርክር ውስጥ የኃይሌ ገብረሥላሴ ስም በተደጋጋሚ ይነሣል። በ2009 የዱባይን ማራቶን በ2 ሰዓት ከ05 ደቂቃ ከ29 ሰከንድ ሲያሸንፍ ከሰውነት ክብደቱ 10 ከመቶ ገደማ እንደቀነሰ ተመራማሪዎች ዘግበዋል። ይህ 2 ከመቶ ለሁሉም ሰው የተሰመረ ቀይ መስመር እንዳልሆነ ያሳያል። ኃይሌ ያሸነፈው ግን ውሃ ስለጎደለበት አይደለም፤ ቢጎድልበትም ነው ያሸነፈው፤ ስሙን ጠርተው ጠርሙሳቸውን የሚጥሉ ሰዎች ይህን ልዩነት አያስተውሉም። በተጨማሪም በማራቶን የሚቀንሰው ክብደት ሁሉ የውሃ ጉድለት አይደለም፤ ከፊሉ የተቃጠለ ስብና በጡንቻ ውስጥ የተከማቸ ስኳር ሲሆን፣ ከስኳሩ ጋር ተይዞ የነበረ ውሃም ይለቀቃል። ስለዚህ አንድ ሯጭ ሲጨርስ ክብደቱ ከመነሻው ትንሽ ማነሱ የሚጠበቅ ነገር ነው።

ስለ ጡንቻ መሸማቀቅ ባጭሩ ልበል፤ ጨው እንክብል የሚሸጥልን በዚህ ስም ነውና። በረጅም ውድድር የተሸማቀቁና ያልተሸማቀቁ ስፖርተኞች ደም ሲነጻጸር የሶዲየምም ሆነ የውሃ ልዩነት ነገሩን የሚያስረዳ ሆኖ አልተገኘም። ኪያር የተዘፈዘፈበትን ኮምጣጣ የጨው ውሃ መዋጥ መሸማቀቅን በደቂቃ ተኩል ውስጥ እንደሚያስታግስ በ2010 ታይቷል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ግን ጨው ከሆድ ወደ ደም ለመድረስ ፋታ የለውም፤ ስለዚህ ውጤቱ ከጉሮሮ በሚነሣ የነርቭ ምልክት የመጣ ሳይሆን አይቀርም። እኔ ደክሞኝ ከልምምዴ በላይ ስፈጥን እሸማቀቃለሁ፤ መድኃኒቱም በአብዛኛው ቆም ብሎ ጡንቻውን መሳብ ሆኖልኛል።

አሁን የማደርገው የሚከተለው ነው። በወር አንድ ጊዜ፣ በተለይ የአየሩ ጠባይ ሲለወጥ፣ ከአንድ ሰዓት ሩጫ በፊትና በኋላ ልብሴን አውልቄ እመዘናለሁ፤ የቀነሰው እያንዳንዱ ኪሎ ወደ አንድ ሊትር ላብ ይጠጋል፤ በመካከል የጠጣሁትንም እደምርበታለሁ። በቀዝቃዛ ጠዋት በሰዓት 500 ሚሊሊትር፣ በሞቃት ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከአንድ ሊትር በላይ እንደሚያልበኝ ያወቅኩት እንዲህ ነው። ይህ ቁጥር ልጠጣው የሚገባኝ መጠን አይደለም፤ በምንም ምክንያት ላልፈው የማይገባኝ ጣሪያ ነው። ከጣሪያው በታች ጥማቴ ይመራኛል። ጥማትን ብቻ ማመን የማይበቃበት ጊዜም አለ፤ ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎች የጥማት ስሜት ይዳከማል፣ የውሃ ጣቢያዎች በሚራራቁበት መንገድ ላይ ደግሞ ጥማት በመጣበት ሰዓት ውሃ ላይገኝ ይችላል። ከሁለት ሰዓት ተኩል በላይ በሚፈጅ ውድድር በሰዓት ከ60 እስከ 90 ግራም ካርቦሃይድሬት ለሚወስድ ሰውም ሆዱ እንዲፈጭለት የተወሰነ ፈሳሽ ማስፈለጉ አይቀርም፤ እሱን በልምምድ ቀን እንጂ በውድድር ቀን መሞከር አይገባም።

የሕመም ማስታገሻን በተመለከተ ደግሞ፣ አይቡፕሮፌንን ከውድድር በፊት መዋጥ ሙሉ በሙሉ ትቻለሁ። ዌስተርን ስቴትስ በተባለው የአሜሪካ የ160 ኪሎ ሜትር ሩጫ ላይ የወሰዱት ሯጮች የጡንቻ ሕመማቸው ካልወሰዱት አልቀነሰም፤ በሌላ በኩል መድኃኒቱ በሩጫ ለተጨነቀ ኩላሊት ተጨማሪ ሸክም ነው።

ከሁሉም በላይ ልናውቀው የሚገባው በመጨረሻው መስመር ላይ የወደቀ ሰው ሁሉ ውሃ ያጣ አለመሆኑን ነው። ሙቀት የመታው ሰው በፊንጢጣ ሲለካ የሰውነቱ ሙቀት ከ40 ዲግሪ በላይ ይሆናል፤ ወደ ሆስፒታል ከመወሰዱ በፊት ባለበት ስፍራ በበረዶ ውሃ ውስጥ ማቀዝቀዝ ይገባል። ሙቀቱ ያልጨመረ፣ ጣቱ ያበጠ፣ ራሱን የሚያመው፣ የሚያስመልሰውና ግራ የተጋባ ሰው ግን ሶዲየሙ ሳይለካ ውሃ ሊሰጠው፣ የተለመደው ግሉኮስም በደም ሥሩ ሊገባለት አይገባም። በከባድ ሁኔታ ሐኪሞች የሚሰጡት 3 ከመቶ ጨው ያለው 100 ሚሊሊትር ፈሳሽ ነው፤ ካስፈለገም ከአሥር ደቂቃ በኋላ ይደግሙታል። ያ በጎ ፈቃደኛ ይህን ቢያውቅ ጠርሙሱን ከማስጨበጡ በፊት እጄን ያይ ነበር።

ባለፈው ማራቶኔ የጠጣሁት በአምስት ጣቢያዎች ብቻ ነው፤ በሌሎቹ ሳይጠማኝ አለፍኩ። ስጨርስ 1.3 ኪሎ ቀንሼ ነበር፤ ቀለበቴም እንደ ልቡ ይዞር ነበር።