ዛሬ ነጠብጣቦቹን አየሁ

የአተሞቹን አቀማመጥ ለማወቅ ስንት ወር የለፋሁበት ፕሮቲን ዛሬ መልስ ሰጠኝ። ክሪስታሉ፣ ማለትም የፕሮቲኑ ሞለኪውሎች በሥርዓት የተደረደሩበት ጠጣር፣ ከአሸዋ ቅንጣት ያንሳል። በቀጭን ቀለበት አንስቼ፣ በፈሳሽ ናይትሮጅን አቀዝቅዤ፣ ኤክስሬይ ፊት አቆምኩት። ክሪስታሉ የበተነው ኤክስሬይ ስክሪኑ ላይ ጥቁር ነጠብጣቦች ሆኖ ተደርድሮ ብቅ ሲል ልቤ ቀጥ አለ።

ለምን ኤክስሬይ? በዓይን የምናየው ብርሃን የሞገድ ርዝመቱ ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር ገደማ ነው። በተያያዙ ሁለት የካርቦን አተሞች መካከል ያለው ርቀት ግን 0.15 ናኖሜትር ብቻ። በዚያ ብርሃን አተም መለየት አይታሰብም። የኤክስሬይ ሞገድ ግን ልክ ለዚህ የሚሆን ነው።

ከባዱ ክሪስታሉን ማግኘት ነው። ፕሮቲን እንደ ገበታ ጨው በቀላሉ አይደረደርም። የጨዉን መጠን ትቀይራለህ፣ አሲድነቱን ታስተካክላለህ፣ ትጠብቃለህ። ብዙ ጊዜ የሚተርፍህ ዝቃጭ ነው። እንግሊዛዊቷ ኬሚስት ዶሮቲ ሆጅኪን የኢንሱሊን ክሪስታልን በኤክስሬይ ፎቶ ያነሳችው እ.ኤ.አ. በ1934 ነበር። ቅርጹን ከባልደረቦቿ ጋር የፈታችው ደግሞ በ1969። 35 ዓመት! ቀኑን ሙሉ እሷን ሳስብ ዋልኩ።

ነጠብጣቦቹ የፕሮቲኑ ፎቶ አይደሉም። የእያንዳንዳቸውን ድምቀት እንለካለን፤ የሞገዱ ፌዝ (phase፦ ሞገዱ ከከፍታና ዝቅታው የትኛው ላይ እንዳለ) ግን ይጠፋል። እሱን በሌላ መንገድ ካላገኘን ኤሌክትሮኖቹ የት እንዳሉ አሳይቶ የፕሮቲኑን ቅርጽ የሚሰጠን ካርታ አይኖረንም። የነገ ሥራዬ ይሄ ነው።

እኔ የጓጓሁት ይህ ፕሮቲን፣ ኢንዛይም ነውና፣ ሥራውን የሚሠራባትን ትንሽ ጎድጓዳ ቦታ ለማየት ነው። የትኛው አሚኖ አሲድ ምኑን ይይዛል? መድኃኒት እዚያ ገብቶ ሊዘጋው ይችላል? ዳታው አሁንም እየተሰበሰበ ነው። መሽቷል፣ እኔ ግን ከስክሪኑ መነሳት አቃተኝ።